ሆረር ኮሚክ በባሕር ዳር፦ ልዩ ሽፋን ያላቸውን እትሞች መምረጥ፣ ማስመጣትና ከእርጥበት መጠበቅ

«ባሕር ዳር ሆነህ ሆረር ኮሚክ እንዴት ትሰበስባለህ?» የሚል ጥያቄ በየጊዜው ይደርሰኛል። ሆረር ኮሚክ አስፈሪ ታሪክ በሥዕል የሚተረክበት ቀጭን መጽሔት ነው። ከስድስት ወር በኋላ ያው ሰው ተመልሶ ይመጣል። «የገዛሁት ሽፋኑ ተጥመለመለ፣ ስቴፕሉ ዛገ፣ ምን ላድርግ?» ይለኛል። ሁለቱን ጥያቄዎች እዚህ አንድ ላይ እመልሳለሁ። በእኛ ከተማ መግዛቱ የሥራው ግማሽ ብቻ ነው። ሌላው ግማሽ ክረምቱን ማለፍ ነው።

መጀመሪያ አንድ ቃል እንግባባ። «ቫሪያንት» ወይም ልዩ ሽፋን የሚባለው፣ የውስጡ ታሪክ ሳይለወጥ ሽፋኑ ብቻ ተለይቶ የታተመ ኮሚክ ነው። ያው ታሪክ፣ ያው ገጽ፣ ሌላ ሥዕል። ስለዚህ የምትከፍሉት ለሽፋኑ ነው። ሽፋኑ ከተበላሸ የከፈላችሁበት ነገር የለም ማለት ነው። ከዚህ በታች ያለው ጥንቃቄ ሁሉ ከዚህ ይነሳል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

• የኮሚክ ላስቲክ፦ ፖሊፕሮፒሊን ወይም ማይላር ከሚባል የፕላስቲክ ዓይነት የተሠራ። የዘመኑ ኮሚክ ስፋቱ 17፣ ቁመቱ 26 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። «ከረንት» የሚባለውን መጠን እዘዙ።
• አሲድ የሌለው ደጋፊ ካርቶን፦ ለእያንዳንዱ ኮሚክ አንድ።
• ክዳኑ ጥብቅ ብሎ የሚገጥም የፕላስቲክ ሳጥን፦ ከታቹ በሦስት ማዕዘን ውስጥ 5 ቁጥር ያለበት ቢሆን ጥሩ ነው።
• ሲሊካ ጄል፦ በአዲስ ጫማና ቦርሳ ውስጥ በትንሽ ከረጢት የሚመጣው ዓይነት፣ ግን በኪሎ የሚሸጠው።
• ዲጂታል የእርጥበት መለኪያ፦ ትንሿ በቂ ናት።
• ደህና ካሜራ ያለው ስልክና የእጅ ባትሪ።
• ለስላሳ የሰዓሊ ብሩሽ፣ ማስክ፣ አንድ ደብተር።

ላስቲኩንና ካርቶኑን እዚህ ገበያ ላይ አግኝቼ አላውቅም። ኮሚኩን ከሚያመጣላችሁ ሰው ጋር አብራችሁ እዘዙ። 100 ካርቶን 2 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ ከሻንጣ ክብደት ላይ አስቡት። ለጊዜው ካጣችሁ ከጽሕፈት መሣሪያ መደብር ለኤ4 ወረቀት የሚሆን ጥርት ያለ የፋይል ላስቲክ ግዙ። ከፖሊፕሮፒሊን መሠራቱን ማሸጊያው ላይ አረጋግጡ። በካርቶኑ ፋንታ 6 ነጭ የፎቶ ኮፒ ወረቀት በኮሚኩ ልክ ቁረጡና ደርቡ። የዛሬው የፎቶ ኮፒ ወረቀት በአብዛኛው አሲድ የለውም። ውፍረቱም ከካርቶኑ ጋር ይቀራረባል። ጥንካሬው ግን አይደርስበትም። ስለዚህ በዚህ መንገድ ያሸጋችሁትን ኮሚክ አስተኙት እንጂ አታቁሙት።

ደረጃ 1፦ አንድ መስመር ምረጡ

አንድ የሆረር ኮሚክ 1ኛ ቁጥር ሲወጣ ከ10 በላይ ሽፋን ሊኖረው ይችላል። ሁሉንም ልግዛ ያለ ሰው ሁለተኛው ወር ላይ ብሩ ያልቅበታል። ስለዚህ ከመጀመሪያው ወስኑ። አንድ ሠዓሊ ብቻ፣ ወይም አንድ ተከታታይ ታሪክ ብቻ፣ ወይም አንድ ርዕሰ ጉዳይ ብቻ፤ ለምሳሌ ደም መጣጭ፣ የሚራመድ ሬሳ፣ የተረገመ ቤት።

እኔ የምመክረው ሠዓሊ መምረጥን ነው። ሠዓሊው ለተለያዩ አሳታሚዎች ስለሚሠራ ስብስባችሁ ከአንድ ታሪክ መቋረጥ ጋር አይቋረጥም። ዓይናችሁም የአንድ እጅ ሥራን መለየት ይለምዳል። ይሄ ኋላ ላይ ሐሰተኛ ሲገጥማችሁ ይጠቅማችኋል።

ለማንበብ ደግሞ መደበኛውን ሽፋን ወይም የስልክ እትሙን ግዙ። ልዩ ሽፋኑን እያገላበጣችሁ አታንብቡት። አንድ ጊዜ በደንብ ከተከፈተ ማጠፊያው ላይ መስመር ይቀራል።

ደረጃ 2፦ የሽፋን ዓይነቶችን ለዩ

ሻጭ በስም ብቻ ያስከፍላችኋል። ስሙን ካላወቃችሁ ተራውን በውድ ትገዛላችሁ።

• ክፍት ሽፋን፦ ሱቁ የፈለገውን ያህል የሚያዘው። ዋጋው ከመደበኛው ጋር እኩል ነው ወይም ትንሽ ይበልጣል። ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ የለም።
• የሬሾ ሽፋን፦ 1 ለ 10፣ 1 ለ 25፣ 1 ለ 50፣ 1 ለ 100 ይባላል። 1 ለ 25 ማለት ሱቁ 25 መደበኛ ኮፒ ሲያዝ አንድ ልዩ ሽፋን የመግዛት መብት ያገኛል ማለት ነው።
• የሱቅ ሽፋን፦ አንድ ሱቅ ለራሱ ብቻ ያሳተመው። የኮንቬንሽን ማለትም የኮሚክ አድናቂዎች ዝግጅት ሽፋንም እንደዚሁ ነው፤ በአብዛኛው በዝግጅቱ ላይ ይሸጣል።
• ቨርጂን ሽፋን፦ ርዕስ፣ ዋጋ፣ አርማ የሌለበት፣ ሥዕሉ ብቻ ያለበት።
• ባዶ ሽፋን፦ ሠዓሊ እንዲሥልበት ነጭ ሆኖ የተተወ።
• ፎይል እና በጨለማ የሚያበራ፦ የሚያብረቀርቅ ወይም ብርሃን የሚይዝ ቀለም የተቀባ። ሁለቱም የጣት አሻራና ጭረት ቶሎ ያሳያሉ።

አንዳንዴ ልዩነቱ ከዚህም ያነሰ ነው። በጥቅምት 2003 እ.ኤ.አ. የወጣው የ«ዘ ዎኪንግ ዴድ» 1ኛ ቁጥር ሁለት መልክ አለው። ለአዋቂ አንባቢ መሆኑን የሚገልጸው ማስታወቂያ በአንዱ ሽፋን ላይ በጥቁር፣ በሌላው ላይ በነጭ ነው። ሥዕሉ አንድ ነው። ይህን የማያውቅ ሰው ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦም ላያየው ይችላል።

ደረጃ 3፦ ቁጥሯን አንብቡ

ከመመሪያው ሁሉ አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይሄን ያዙ።

ከፊት ሽፋኑ ጥግ ወይም ከኋላ ሽፋኑ ላይ ባርኮድ አለ። ከትልቁ ባርኮድ አጠገብ ሌላ ትንሽ ባርኮድ ትታያለች። በእሷ ላይ 5 አሃዝ ተጽፏል። የመጀመሪያዎቹ 3 አሃዞች የኮሚኩን ቁጥር ይናገራሉ። 4ኛው አሃዝ የትኛው ሽፋን እንደሆነ ይናገራል። 5ኛው ስንተኛ ኅትመት እንደሆነ ይናገራል።

• 00111፦ 1ኛ ቁጥር፣ መደበኛ ሽፋን፣ 1ኛ ኅትመት።
• 00121፦ 1ኛ ቁጥር፣ 2ኛ ሽፋን፣ 1ኛ ኅትመት።
• 00112፦ 1ኛ ቁጥር፣ መደበኛ ሽፋን፣ 2ኛ ኅትመት።
• 00431፦ 4ኛ ቁጥር፣ 3ኛ ሽፋን፣ 1ኛ ኅትመት።

እኔ መሰብሰብ በጀመርኩበት ዓመት ይሄን አላውቅም ነበር። አንድ ሻጭ «የመጀመሪያ ኅትመት» ብሎ ሸጠልኝ። ፎቶው ላይ የባርኮዱን ጥግ በአውራ ጣቱ ሸፍኖት ነበር። ኮሚኩ አዲስ አበባ ደርሶ፣ በአውቶቡስ መጥቶ፣ ፋሲሎ ያለው ቤቴ ገብቶ ስከፍተው የመጨረሻው አሃዝ 3 ነው። ሦስተኛ ኅትመት። ብሩም ሄደ፣ የጠበቅሁት ሁለት ወርም ሄደ። ከዚያ ወዲህ የባርኮዱ ፎቶ ሳይላክልኝ አልከፍልም። እናንተም አትክፈሉ።

ቁጥሯ የማትሠራበት ጊዜ አለ። የሱቅና የቨርጂን ሽፋኖች አንዳንዴ ባርኮድ የላቸውም። ሽፋኖቹ ከ9 ሲያልፉም አንድ አሃዝ አይበቃም። በዚህ ጊዜ ሁለት ነገር አድርጉ። አንደኛ፣ በመጀመሪያው ወይም በመጨረሻው ገጽ ግርጌ በደቃቅ ፊደል የተጻፈውን የአሳታሚውን መረጃ ፎቶ አስነሡ። ስንተኛ ኅትመት እንደሆነ እዚያ ይጻፋል። ሁለተኛ፣ «ግራንድ ኮሚክስ ዳታቤዝ» በሚባለው ነጻ ማውጫ ላይ ሽፋኑን ፈልጉ። የሽፋኖቹ ምስል ጎን ለጎን ተደርድሮ ታገኙታላችሁ።

ማስጠንቀቂያ፦ «ፋክሲሚሊ» የሚል ቃል ካያችሁ የቆየ ኮሚክ ቅጂ ነው። የድሮውን ማስታወቂያና የድሮውን ዋጋ ጭምር አስመስለው ያትሙታል። ለንባብ ግሩም ነው። የድሮው እትም ግን አይደለም።

ደረጃ 4፦ ዋጋውን ከተሸጠው ላይ እዩ

ሰው የጠየቀው ዋጋና ሰው የከፈለው ዋጋ ለየቅል ናቸው። ኢቤይ በሚባለው የኢንተርኔት ገበያ ላይ «የተሸጡ» የሚለውን ማጣሪያ ተጫኑ። የመጨረሻዎቹን 5 ሽያጮች ጻፉ። የእነሱን መካከለኛ ዋጋ መነሻችሁ አድርጉት።

መደበኛ አዲስ ኮሚክ ከ4 እስከ 5 ዶላር ገደማ ይሸጣል። በሬሾ ሽፋን ላይ ብዙ ሻጮች ሬሾውን ራሱን እንደ መነሻ ይወስዱታል፤ 1 ለ 25 ከሆነ 25 ዶላር አካባቢ። ከወጣ ከጥቂት ሳምንት በኋላ አብዛኛው ይወርዳል። አዲስ ኮሚክ በወጣበት ቀን ለመግዛት አትጣደፉ። እኛ ጋ እስኪደርስ ወራት ስለሚፈጅ ቀድሞ መክፈል የሚጨምርልን ነገር የለም።

ደረጃ 5፦ ሁኔታውን በፎቶ መርምሩ

ሻጩን አራት ፎቶ ጠይቁት፦ የፊት ሽፋን፣ የኋላ ሽፋን፣ ማጠፊያው ቀረብ ተደርጎ፣ መሀል ገጹ ከነስቴፕሉ። ፎቶዎቹን ስልካችሁ ላይ አስፍታችሁ እዩ።

በሆረር ኮሚክ ላይ ከሁሉ በፊት የምታዩት ማጠፊያውን ነው። ሆረር ሽፋን ጥቁር ይበዛበታል። ጥቁር ቀለም ሲታጠፍ ተሰንጥቆ ነጩ ወረቀት ይወጣል። በደማቅ ሽፋን ላይ የማይታይ ትንሽ ጭረት በጥቁር ላይ እንደ ኮከብ ያበራል። ከስቴፕሉ አጠገብ ያሉትን አጫጭር ነጫጭ መስመሮች ቁጠሩ። ከሦስት ካለፉ ዋጋ አስቀንሱ።

በባለሙያ ደረጃ ተሰጥቶት በጠንካራ ፕላስቲክ የታሸገ ኮሚክ ከገዛችሁ መለኪያው ከ0.5 እስከ 10 ነው። 9.8 አዲስ ከሚባለው ጋር ይቀራረባል። በላዩ ላይ ያለውን የምስክር ወረቀት ቁጥር ደረጃውን በሰጠው ድርጅት ድረ ገጽ ላይ አስገብታችሁ አረጋግጡ። ፕላስቲኩ እርጥበትን ሙሉ በሙሉ አይከለክልም። የታሸገ ነው ብላችሁ ደረጃ 9ን እንዳትዘሉ።

ደረጃ 6፦ ማስመጣት

በጣም የተሻለው መንገድ ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ነው። አንድ ኮሚክ ከነላስቲኩና ከነካርቶኑ 100 ግራም ገደማ ነው። 10 ኮሚክ 1 ኪሎ ማለት ነው። ይሄን ያህል ማንም እህት ወይም አጎት አይነፍጋችሁም። ስትጠይቁ ግን ክብደቱን በግልጽ ተናገሩ። «ትንሽ ነገር» ብላችሁ 8 ኪሎ እንዳትልኩባቸው።

ለሚያመጣው ሰው እንዲህ በሉት፦

1. ኮሚኮቹን በላስቲክ ጠቅልል። እርጥበት እንዳይገባ በፕላስተር ዝጋው።
2. ከላይና ከታች ከኮሚኩ የሚበልጥ የካርቶን ቁራጭ አድርግ። የአንደኛው ካርቶን የውስጥ መስመር ወደ ቁመት፣ የሌላው ወደ ጎን ይሁን። እንዲህ ከሆነ በየትኛውም አቅጣጫ አይታጠፍም።
3. በእጅ ሻንጣ ያዘው እንጂ ለጭነት አትስጠው።

በፖስታ ከሆነ የፖስታ ሳጥን ቁጥራችሁንና ስልካችሁን በእንግሊዝኛ በትክክል አጽፉ። እሽጉ እንደ ደረሰ አውጡት። በተለይ ከሰኔ እስከ መስከረም በመጋዘን ውስጥ ማሳደር ጥሩ አይደለም። በባጃጅ ስትወስዱት ጭናችሁ ላይ አድርጉት፤ ከኋላ መጫን በዝናብ ጊዜ ለውኃ ማስረከብ ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ ራቁት ምስል ያለባቸው ልዩ ሽፋኖች አሉ። እነዚህን አታዙ። ጉምሩክ ላይ የምትቆመው ያመጣችላችሁ ዘመዳችሁ ናት፣ እናንተ አይደላችሁም።

ደረጃ 7፦ ሲደርስ አትቸኩሉ

እሽጉን በእርጥብ ወይም በቀዝቃዛ ቀን ካመጣችሁት ሳትከፍቱ አንድ ሌሊት ቤት ውስጥ አሳድሩት። ቀዝቃዛ ነገር ሞቅ ያለ ክፍል ውስጥ ወዲያው ሲከፈት በላዩ ላይ ጠል ይይዛል።

ከዚያ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡና በደንብ አድርቁ። ቅባት የተቀባ እጅ፣ ወጥ የነካ ጣት፣ የፀጉር ቅቤ፣ ሁሉም ሽፋኑ ላይ ይቀራል። ጓንት አያስፈልግም። ጓንት ጣትን ያደነዝዛል፣ ጠርዙን ያስቀድዳል። ኮሚኩን በሁለት እጅ ከታች ደግፋችሁ ያዙ። በጥግ አታንጠልጥሉት።

ባትሪውን ከጎን አዘንብላችሁ አብሩበት። ከላይ ሲበራ የማይታይ እጥፋት ከጎን ሲበራ ጥላ ይሠራል። ያያችሁትን በደብተር ጻፉ፣ ፎቶ አንሡ።

ደረጃ 8፦ ማልበስ

1. ካርቶኑን መጀመሪያ ብቻውን ላስቲኩ ውስጥ አስገቡ።
2. ኮሚኩን በካርቶኑ ላይ አንሸራታችሁ አስገቡ፤ የማጠፊያው ጎን እንዳይጋጭ በቀስታ።
3. የላስቲኩን አፍ ወደ ኋላ እጠፉ። በትንሽ ፕላስተር ዝጉ። የፕላስተሩን ጫፍ ወደ ውስጥ ትንሽ እጠፉት፣ ስትከፍቱ የምትይዙት ይሆናችኋል።
4. ስትከፍቱ ፕላስተሩን ሙሉ በሙሉ አንሡና ከዚያ ብቻ ኮሚኩን አውጡ።

አራተኛውን የሚዘል ሰው ብዙ ነው። ላስቲኩ ላይ ተንጠልጥሎ የቀረ ፕላስተር ኮሚኩ ሲወጣ ሽፋኑን ይይዘዋል፤ ስትስቡት ቀለሙን ይዞት ይነሳል። ይሄ ጉዳት መጠገኛ የለውም።

የፖሊፕሮፒሊን ላስቲክ ከጥቂት ዓመት በኋላ ይደበዝዛል፣ ይሸበሸባል። በ5 ዓመት አንዴ ለውጡት። ማይላር ውድ ነው፣ ግን አስርት ዓመታት ይቆያል። ዋጋ ላላቸው አምስት ስድስት ኮሚኮች ማይላር ግዙ፣ ለቀሪው ፖሊፕሮፒሊን ይበቃል። ሽታው ጠንከር ያለ፣ ለስለስ ብሎ የሚጣበቅ ላስቲክ ግን አታልብሱ። እሱ ፒቪሲ ነው። ከጊዜ በኋላ ቀለሙን እየሳበ ከሽፋኑ ጋር ይጣበቃል።

ደረጃ 9፦ ቦታ መምረጥ

በጣና ዙሪያ ገዳማት የብራና መጻሕፍት በቆዳ ማኅደር ውስጥ ይቀመጣሉ። ብራና ግን ቆዳ ነው። የእኛ ኮሚክ ቀጭን ወረቀትና ሁለት የብረት ሽቦ (ስቴፕል) ነው። ስለዚህ ማኅደሩ ከዚያም የጠበቀ መሆን አለበት።

ወረቀት የሚመቸው ከ40 እስከ 55 በመቶ እርጥበት ነው። በክረምት የባሕር ዳር አየር ከዚህ በጣም ይበልጣል። በዚያ ጊዜ ወረቀቱ ውኃ ጠጥቶ ይሰፋል። ሽፋኑና የውስጥ ገጹ እኩል ስለማይሰፉ ኮሚኩ ይጥመለመላል። ሽቦው ይዝጋል። ዝገቱ ወደ ወረቀቱ ይሰርጋል። ከዚያ ሻጋታ ይመጣል።

ቦታ ስትመርጡ እነዚህን አስቡ፦

• ከወለል ቢያንስ 15 ሳንቲ ሜትር ከፍ አድርጉ። የስሚንቶ ወለል እርጥበት ይስባል፣ ምስጥም ከታች ይመጣል። አልጋ ሥር አታስቀምጡ።
• ከውጭ ግድግዳ አርቁ። የጭቃ ቤት ከሆነ በተለይ። በሳጥኑና በግድግዳው መካከል አንድ መዳፍ ያህል ክፍተት ተዉ።
• ቁም ሣጥን አናት ላይ አትስቀሉ። ከቆርቆሮ ጣሪያ የሚወርደው የመጋቢትና የሚያዝያ ሙቀት ወረቀቱን ያቢጫል።
• ከማዕድ ቤት፣ ከከሰልና ከዕጣን አርቁ። ቡና የሚቆላበትና ዕጣን የሚጤስበት ክፍል ውስጥ ጭሱ ላስቲኩ ላይ ይቀመጣል፣ ስትከፍቱ ወደ ውስጥ ይገባል። ሽታው አይለቅም።
• ከፀሐይ አርቁ።

በፀሐዩ ላይ ትንሽ ልቆይ። በፀጉር ቤት መስኮት ላይ የተለጠፉትን የድሮ ፎቶዎች አይታችኋል? ሁሉም ሰማያዊ ሆነዋል። ከኅትመት ቀለሞች ቀዩና ቢጫው ቀድመው ስለሚጠፉ ነው። ሆረር ሽፋን ደግሞ ደም ነው፣ ቀይ ነው። አንድ ዓመት መስኮት ፊት ለፊት የሰቀላችሁት የደም መጣጭ ሽፋን ከንፈሩ ይገረጣል። ግድግዳ ላይ መስቀል ከፈለጋችሁ በጥሩ ማተሚያ የቀለም ኮፒ አስነሡና ኮፒውን ስቀሉ። ዋናው ሳጥን ውስጥ ይተኛ።

ኮሚኮቹን ሳጥኑ ውስጥ አቁሟቸው፤ እንዳያዘነብሉ ግን እንዳይጨናነቁም። ጣታችሁ በመካከላቸው በቀላሉ የሚገባ ከሆነ ልኩ ነው። ሳጥኑ ካልሞላ ባዶውን አሲድ በሌለው ካርቶን ሙሉት። ያዘነበለ ኮሚክ በሳምንታት ውስጥ ይጎብጣል።

ልጆች ያሉበት ቤት ከሆነ ሳጥኑን ቆልፉ። የተቆረጠ ጭንቅላት ያለበት ሽፋን ያየ የአምስት ዓመት ልጅ ሌሊቱን አይተኛም፣ እናንተም አትተኙም።

ደረጃ 10፦ የክረምት ዝግጅት

ሳይቃጠል በቅጠል ነው። ሥራው ከሰኔ ሚካኤል በፊት ማለቅ አለበት። ዝናቡ ከጠነከረ በኋላ ሳጥን መክፈት እርጥቡን አየር አስገብቶ መዝጋት ነው።

1. በግንቦት መጨረሻ ደረቅና ፀሐያማ ቀን ምረጡ። እኩለ ቀን ላይ ሳጥኑን ክፍል ውስጥ ክፈቱ። ባለፈው አንድ ሳምንት ውስጥ ዝናብ ጥሎ ከሆነ ቆዩ።
2. እያንዳንዱን ኮሚክ ከነላስቲኩ እዩ። ስቴፕሉ ዙሪያ ቡናማ ነገር ካለ ለይታችሁ አስቀምጡ።
3. ሲሊካ ጄሉን አድርቁ። 110 እስከ 120 ዲግሪ ባለው ምድጃ ውስጥ ከ2 እስከ 3 ሰዓት ይበቃል። ቀለም ያለው ዓይነት ሲደርቅ ቀለሙን ይቀይራል፤ ብርቱካንማው ሲረጥብ አረንጓዴ፣ ሲደርቅ ብርቱካንማ ይሆናል።
4. የቀዘቀዘውን ሲሊካ በቀጭን ጨርቅ ከረጢት አድርጋችሁ ሳጥኑ ጥግ አስቀምጡ። እኔ ለ60 ሊትር ሳጥን ግማሽ ኪሎ እጠቀማለሁ። ኮሚኮቹን እንዳይነካ።
5. የእርጥበት መለኪያውን ከውጭ እንዲነበብ በሳጥኑ ግልጽ ጎን አድርጉ። ዝጉ።
6. በክረምት ሳትከፍቱ በየሳምንቱ ቁጥሩን አንብቡ። 60 ካለፈ ሲሊካውን በቶሎ በደረቅ ቀይሩ።
7. ከመስቀል በኋላ፣ አየሩ ሲደርቅ፣ ሳጥኑን አናፍሱ። ከታኅሣሥ እስከ ሚያዝያ መለኪያው ከ35 በታች ከወረደ ሲሊካውን አውጡ። ከልክ በላይ የደረቀ ወረቀትም ይሰባበራል።

ማስጠንቀቂያ፦ ሲደርቅ ሰማያዊ፣ ሲረጥብ ሮዝ የሚሆነው ሲሊካ ኮባልት የሚባል መርዛማ ነገር አለበት። ምግብ በሚጋገርበት ምድጃ ውስጥ አታድርቁት፣ ልጆች እንዳይነኩት። ብርቱካንማውን ፈልጉ።

በሲሊካ ፋንታ ጨው የሚያስቀምጡ አሉ። ጨው እርጥበት ስቦ ራሱ ውኃ ይሆንና ያንጠባጥባል። ሩዝም ደካማ ነው፣ ነቀዝ ይጠራል። ለብል የሚቀመጠው ነጭ ኳስ፣ ናፍታሊን፣ ሽታው ወረቀቱ ውስጥ ገብቶ ለዓመታት አይወጣም።

ነፍሳት ካያችሁ ኮሚኩን በሁለት ላስቲክ አሽጋችሁ ፍሪዘር ውስጥ ሁለት ሳምንት አቆዩት። ስታወጡት ላስቲኩን ሳትከፍቱ 24 ሰዓት ጠብቁ። ፀረ ተባይ አትርጩበት።

ሻጋታ ካያችሁ ማስክ አድርጉ። ኮሚኩን ከሌሎቹ ለዩ። በደረቅ ቀን፣ በጥላ ሥር፣ ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ ጠብቁና በለስላሳ ብሩሽ ጥረጉ። ሳይደርቅ ከነካችሁት ይቀባል። ውኃ የገባበት ኮሚክ ከሆነ ጊዜ የላችሁም፤ ሻጋታ በ48 ሰዓት ውስጥ ይጀምራል። የሚያብረቀርቁ ገጾች ከደረቁ በኋላ አይላቀቁም፤ ስለዚህ በየገጹ መካከል የመጋገሪያ ወረቀት አስገቡ። ጊዜ ካጣችሁ አሽጋችሁ ፍሪዘር ውስጥ ጨምሩት።

ደረጃ 11፦ መዝገብ

ለእያንዳንዱ ኮሚክ አንድ መስመር ጻፉ፦ ስም፣ ቁጥር፣ ባለ 5 አሃዟ ኮድ፣ ሠዓሊ፣ የከፈላችሁት፣ የገዛችሁበት ቀን፣ ያያችሁት ጉዳት። መዝገቡ ካለ ሁለት ጊዜ አንድ ሽፋን አትገዙም። ሳጥኑንም በየጊዜው መክፈት አያስፈልጋችሁም።

ሰዎች ደጋግመው የሚሳሳቱባቸው

• «1 ለ 100 ስለሆነ በዓለም ላይ ጥቂት ነው» ማለት። ሬሾው የሱቁን ትእዛዝ እንጂ የታተመውን ብዛት አይናገርም። ብዙ የታዘዘ ታሪክ 1 ለ 100 ሽፋን ጥቂት ከታዘዘ ታሪክ ክፍት ሽፋን ሊበዛ ይችላል።
• ባዶ ሽፋን ላይ በማርከር ማሣል። ማርከሩ ወደ ውስጥ ገጽ ይወርዳል። መጀመሪያ ከሽፋኑ ሥር ንጹሕ ወረቀት አስገቡ፣ ሠዓሊውም በእርሳስ ወይም በቀለም ብዕር ይሥራ።
• በተራ የዕቃ ካርቶን ውስጥ ማስቀመጥ። አሲድ አለበት፣ ወረቀቱን ያቢጫል፣ በረሮም ይወደዋል።
• በጨለማ የሚያበራውን ሽፋን ለማብራት ፀሐይ ላይ ማስቀመጥ። የክፍል መብራት ለሁለት ደቂቃ ይበቃዋል።
• የተጥመለመለን ሽፋን በካውያ መተኮስ። ሙቀቱ የሽፋኑን ማብረቅረቂያ ያቀልጠዋል። ከላስቲኩ አውጡት፤ አሲድ በሌለው ሁለት ካርቶን መካከል አስተኙት፤ መለኪያው 45 እና 50 መካከል ባለበት ሳጥን ውስጥ፣ ከላዩ ሁለት ወፍራም መጽሐፍ አድርጋችሁ፣ ሁለት ሳምንት ተዉት። አብዛኛው ይመለሳል።
• የዛገ ስቴፕል ነቅሎ በአዲስ መተካት። ይሄ እንደ ጥገና ይቆጠራል፣ ደረጃውንም ያወርዳል። ሽቦውን አትንኩት። ሳጥኑ ደረቅ ከሆነ ዝገቱ ባለበት ይቆማል።